ቤካርማ ሄደች

በልጅነቴ ቤካር የሚባል ከተማ አለ ብዬ አምን ነበር። እናቴ በየማለዳው ወደዚያ ትሄዳለች። ጎረቤት መጥቶ «ጆክኒ የለችም?» ሲል አያቴ ሩዝ ከምትወቅጥበት ቀና እንኳ ሳትል «ቤካርማ ሄደች» ትለዋለች። በእኛ ቋንቋ ከስም ኋላ የምትለጠፈው «ማ» «ወደ» ወይም «ውስጥ» ማለት ናት። ገበያ የወጣ ሰው «ባዛርማ ሄደ» ይባላል። ዋና ከተማ የሄደ «ካትማንዱማ ሄደ» ይባላል። እናቴም ቤካርማ ሄደች። የሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ልትረዳ ትችላለች?

ከተማዋን በሐሳቤ ቆርቁሬ ጨርሼ ነበር። አስፋልት አላት። በስኳር የተነከረ ጣፋጭ በትልቅ ብረት ድስት የሚጠበስባቸው ሱቆች አሏት። አባቴም እዚያ ነው የሚኖረው፣ የወሰዱት ወታደሮች አዲስ ልብስ አልብሰውት። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ከዚያ ሁሉ ጣፋጭ አንዲት እንኳ ይዛልኝ አትመጣም። ማታ ማታ እግሯ አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ትገባና ለማንም ሳትናገር ውሃ ትጠጣለች። እኔ እጇን አየዋለሁ። እጇ ባዶ ነው።

ቃሉ «በከንቱ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። አያቴ ለሰዉ ስትነግር የነበረው «በከንቱ ትመላለሳለች፣ ውሃ ትወቅጣለች» ብላ ነው። አሁን አድጌ፣ ልጆች የማስተምር ሴት ሆኜ፣ ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ ልንገራችሁ።

አባቴን የወሰዱት በቀትር ነው፣ የሩዝ ችግኝ በሚተከልበት ወር። ሴቶቹ እስከ ባታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ ወገባቸውን ሰብረው እየዘፈኑ ይተክላሉ። አባቴ ላውታን በሬዎቹን ይዞ የሚቀጥለውን ማሳ ያለሰልሳል። እኔ የጭቃው ድንበር ላይ ተቀምጬ ምሳቸውን ከቁራ እጠብቃለሁ። ወታደሮቹ በዚያ ጠባብ ድንበር ላይ ተከታትለው፣ እንዳይንሸራተቱ እየተጠነቀቁ መጡ። እንዲህ ሲንገዳገዱ ሳያቸው ሳቄ መጣ። ከኋላ፣ መንገዱ ላይ፣ ባለርስቱ ቶያናት ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ቆሟል። ጃንጥላውን አጠፈና ጫፉን ወደ አባቴ ዘረጋ። ሰላም ያለው መስሎኝ እኔም እጄን አውለበለብኩለት።

«ላውታን ማነው?» አለ የፊተኛው ወታደር።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ አባቴ።

«መንገድ ታሳየናለህ። ና ውጣ።»

«እግሬን ልታጠብ?»

«ታጠብ።»

አባቴ ቦዩ ውስጥ እግሩን አንዱን በአንዱ እያሸ ቀስ ብሎ ታጠበ። እንዲያ ቀስ ብሎ ሲታጠብ አይቼው አላውቅም። እናቴ ከችግኙ መሃል ጭቃ እየረጨች ሮጣ ወጣች፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ሸሚዙን አንስታ።

«ሸሚዙን! ራቁቱን ነው እንዴ የምትወስዱት? ሸሚዙን ይልበስ!»

«አያስፈልገውም እህቴ» አላት አንዱ።

እኔ ደስ አለኝ። አዲስ የደንብ ልብስ ሊሰጡት ነው! በዚያ ሳምንት ለሰፈር ልጆች ሁሉ «አባቴ ለወታደሮች መንገድ መሪ ሆኗል» እያልኩ ተኩራራሁ። ልጆቹም እናቶቻቸው ጠርተው እስኪወስዷቸው ድረስ በአድናቆት ይሰሙኝ ነበር።

የአባቴ ጥፋት ምን እንደነበረ ዛሬ በአንድ ትንፋሽ መናገር እችላለሁ። ሕጉ ለጭሰኛ ከሚያርሰው መሬት ድርሻ እንደሚሰጥ ሰምቶ፣ የሰማውን ለሌሎች ጭሰኞች ነገረ። በቃ ይኸው ነው። ጫካ ውስጥ አማፂ ነበረ፣ ሜዳ ላይ ወታደር ነበረ። ባለርስት የሆነ ሰው የማይወደውን ጭሰኛ «አማፂ ነው» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። አንዳንዱማ ቃልም አላስፈለገውም፣ ጃንጥላ በቅቶታል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ቶያናት ቤታችን መጣ። በመምጣቱ አያቴ ተርበተበተች። የገመድ አልጋውን በልብሷ ጫፍ ጠራርጋ አስቀመጠችው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ካካ ባጊራም መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ቶያናት ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ አውጥቶ ሰጠኝ። ያ ጣፋጭ ጣቴ ላይ ሲጣበቅ፣ ይህ ሰው በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ደግ ነው ብዬ ወሰንኩ።

«ምራትሽን ምከሪያት እንጂ» አላት አያቴን። «በየቀኑ እዚያ መመላለስ ምን ይባላል? ቤካር ነው። ቤት ተፈታ፣ ማሳው አረም ዋጠው።»

«መች ትሰማኛለች፣ ባጄ» አለች አያቴ። ባጄ ማለት ለተከበረ ሽማግሌ የሚባል ነው። «ልጄ ይኑር ይሙት ሳላውቅ እኔስ እንቅልፍ አለኝ?»

«አለመኖሩንማ ሁላችንም እናውቃለን። ነፍሱን አታንከራትቷት። ሥርዓቱን ፈጽሙለት። ለድግሱ የሚሆነውን ሩዝ እኔ እልካለሁ።»

«እሺ ባጄ» አለ ካካ ባጊራም ወዲያው። ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም።

አያቴ ግን «እውነት ነፍሱ ትንከራተታለች?» አለች፣ እንደ ሕፃን ልጅ።

«ከዚህም ከዚያም ሳትሆን» አላት።

አያቴ አለቀሰች። እኔ ግን ድግስ የምትለዋን ቃል ይዤ ወጥቼ ጨፈርኩ። ልጇን ያስወሰደባት ሰው፣ የልጇን ነፍስ አስይዞ አፏን እያዘጋት እንደነበረ ማን ይንገረኝ? አስክሬን የሌለው ሰው ሲቀበር አቤት ባይ ይጠፋል። ሚስቱ የመበለት ነጭ ትለብሳለች፣ አምባሯ ይሰበራል፣ በር ላይ ቆማ «ባሌን» ማለት አትችልም። ቶያናት ሩዝ ሲልክ የሚገዛው ይህን ነበር።

ድግሱን እናቴ በሌለችበት ቀን አደረጉት፣ እሷ ያልነበረችበት ቀን ጠፍቶ! ወንዙ ዳር ቄሱ በአስክሬን ምትክ የሚቃጠል የሰው ቅርጽ ከደረቅ ሳር ሠራ፣ እጅና እግር ያለው። አያቴ የአባቴን ሸሚዝ አምጥታ አለበሰችው። እኔ አሻንጉሊት የሚሠሩልኝ መስሎኝ «ፀጉር አድርጉለት» አልኩ። ካካ ባጊራም የማገዶ እንጨት ይደረድራል።

ማን እንደነገራት አላውቅም፣ እናቴ እየሮጠች መጣች። ፀጉሯ ተፈቷል። ማገዶው አጠገብ ስትደርስ ቆመችና የሳሩን ሰውዬ፣ ቀጥሎ ሸሚዙን አየች።

«ማነው ይሄ?» አለች።

«ጆክኒ ልጄ፣ ነፍሱ እንድታርፍ...» ብላ ጀመረች አያቴ።

«ማነው ይሄ ነው ያልኩት! እኔ የተዳርኩት ለሳር ነው? ከዚህ ነው የወለድኩት? አንቺስ ይህን ነው ዘጠኝ ወር የተሸከምሽው?»

«እስቲ ድምፅሽን ቀንሺ» አለ ካካ ባጊራም፣ መንገዱን እያየ። «እኔንም ያስወስዱኝ ነው የምትፈልጊው? በቃ በይ። የሄደ ሄደ። ስትመላለሺ ከረምሽ፣ ምን አገኘሽ?»

«አንተ ቁጭ ብለህ ምን አገኘህ? የገዳይ ሩዝ አገኘህ!»

ቄሱ መጽሐፉን አጠፈ። እናቴ የሳሩን ሰውዬ ከማገዶው ላይ አንስታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፣ በሌላ እጇ ክንዴን ያዘች።

«ነይ ሶንካሊ።»

«ወዴት ነው?»

«አባትሽ ጋ።»

ልቤ ዘለለች። «ቤካር ልትወስጂኝ ነው?» አልኳት።

ቆመች። «ምን አልሽ?»

«ቤካር። አያቴ በየቀኑ የምትሄጂበት ነው ያለችው ከተማ።»

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ዞራ አያቴን አየቻት። አያቴ ፊቷን በልብሷ ሸፈነች። እናቴ አልቆጣችኝም። «አዎ» አለችኝ። «እሱ ጋ ነው የምንሄደው።»

በባዛሩ መሃል አለፍን፣ እሷ የሳር ሰው አቅፋ፣ እኔ ከኋላ እየተጎተትኩ። ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ተነሳ፣ መልሶም ተቀመጠ። እኔ አስፋልቱንና ጣፋጩን እጠብቃለሁ። የደረስነው አንድ የጦር ሰፈር ብረት በር ጋ ነው። የአሸዋ ከረጢት ተደርድሯል፣ ሽቦ ተጠላልፏል። ከበሩ ፊት ለፊት ትልቅ ዛፍ ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል፣ እንደ እናቴ አቧራ የለበሱ፣ እንደ እናቴ ከንፈራቸው የደረቀ። ከእነሱ በቀር ምንም የለም።

«ቤካር ይኼ ነው?» አልኩ።

የበሩ ዘበኛ እናቴን ሲያይ ተነፈሰ። «ዛሬም? ስንቴ ልንገርሽ እህቴ? እዚህ የለም። ቤካር ነው የምትለፊው፣ ቤካር!»

ያኔ ገባኝ። ከተማዬ እዚያው በሩ ላይ ፈረሰች።

እናቴ የሳሩን ሰውዬ ብረቱ ላይ አስደግፋ አቆመችው። «ይኸው» አለች ጮክ ብላ። «ቤተሰቦቼ በባሌ ምትክ ይህን ሰጡኝ። እኔ አልፈልገውም። ይህን ውሰዱና የእኔን መልሱልኝ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ዘበኛው ወደ ውስጥ ተጣራ። አንድ መኮንን ወጣ፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ የለሰነ፣ ፈገግ የሚል። እናቴን አላናገራትም። እኔ ጋ መጥቶ ጎንበስ አለና ብስኩት ሰጠኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሶንካሊ።»

«ሶንካሊ፣ አባትሽ ደህና ነው። ህንድ አገር ነው ያለው። እዚያ ሌላ ሚስት አግብቷል። እናትሽ ስለምትጮህበት ነው የሸሸው።»

አንዳንዶቹ ወታደሮች ሳቁ። እናቴ «ዋሾ!» ብላ ጮኸች። እኔ ግን ብስኩቱን ይዤ አመንኩት። ለምን አላምነውም? ትልቅ ሰው ነው፣ በስሜ ጠርቶኛል። አባቴን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ዓመት ጠላሁት። ህንድ ውስጥ ሌላ ልጅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይታየኝ ነበር፣ በቅናት እቃጠል ነበር። አባቴን ከማሳው ላይ ወሰዱት። ቀጥለው ደግሞ ከልቤ ውስጥ ወሰዱት፣ በአንዲት ብስኩት። የመጀመሪያውን ይቅር የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ ለሁለተኛው ይቅርታ የለኝም።

መኮንኑ ቀና አለና የሳሩን ሰውዬ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ሥርዓቱ ተጀምሮ ቀርቷል አሉ። እኛ እንጨርስላችሁ» አለ። ላምባ አስመጣ። አፈሰሱበት፣ ክብሪት ጫሩ። ሳሩ ቦግ አለ። እናቴ ዘላ እሳቱ ውስጥ ገባች፣ ሸሚዙን ልታወጣ። አንድ ሰደፍ ደረቷ ላይ አረፈ። ስትወድቅ በእጇ የቀራት የተቃጠለ እጅጌ ነበር። መዳፏ ተልጧል። ሴቶቹ መጥተው ከበቡን፣ አንዲት አሮጊት የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ እጇን አሰረችላት። ማንም አላለቀሰም። እዚያ በር ላይ ማልቀስ ለነሱ መሳቂያ መሆን ነው።

ቤት ስንገባ ካካ ባጊራም «እሳት ነክቶታል፣ ስለዚህ ሥርዓቱ ተፈጽሟል፣ ነጭ ትልበስ» አለ። አያቴ የእናቴን የታሰረ እጅ ያዘች፣ ጨርቁን ፈታች፣ መዳፏን አየች። ከዚያ ልጇን ባጊራምን «ውጣ ከፊቴ» አለችው።

በማግስቱ ማለዳ አያቴ ከእናቴ ቀድማ ተነሥታ በር ላይ ቆማ አገኘናት፣ ምርኩዟን ይዛ። «ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ? መንገዱን አላውቀውም፣ ምሪኝ» አለቻት። አያቴ እስክትሞት ድረስ አብረው ሄዱ። ጎረቤት ሲመጣ «ቤካርማ ሄዱ» የሚለው ካካ ባጊራም ብቻ ሆኖ ቀረ።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው የህንዷ ሚስት ውሸት መሆኗን የተረዳሁት። ከዛፉ ሥር ከነበሩት ሴቶች አንዷ «ለኔም ልጅ ህንድ ነው አሏት፣ የሁላችንም ባል ህንድ ነው» አለችኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን የዳረ መኮንን!

ጦርነቱ አበቃ። የተዋጉት ተጨባበጡ፣ አብረው ወንበር ያዙ። የጠፉትን የሚፈልግ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሰዎች በትልልቅ መኪና መጡ፣ እናቴን አስቀምጠው ጠየቋት፣ አስለቀሷት፣ ሄዱ። የኮሚቴው ዘመን አለቀ። ሌላ ኮሚቴ ተሾመ፣ መጣ፣ እንደ አዲስ ጠየቃት። «ባለፈው ለነበሩት ነግሬያለሁ» ብትል «እኛ አዲስ ነን» አሏት። አንድ ጉድጓድ አልቆፈሩም። አንድ ወታደር አልጠሩም። ወንበር አሞቁ፣ የስብሰባ አበል በሉ፣ ዘመናቸውን አስረዘሙ። እስቲ ንገሩኝ፣ እነሱን ቤካር ያላቸው ሰው አለ? ቃሉ እነሱ ጋ ሲደርስ ስሙን ይለውጣል፣ «ሂደት» ይባላል። ቤካር የሚባለው አቧራ ላይ የተቀመጠች ሴት ስትለፋ ነው። እኔ ቋንቋ አስተምራለሁ፣ በዚህ ቃል የተማረርኩትን ያህል በምንም አልተማረርኩም።

አምና በክረምት መግቢያ ላይ ኮሚቴው ቤተሰቦችን በባዛሩ አዳራሽ ሰበሰበ። ምንጣፍ ስለተነጠፈ ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። መድረኩ ላይ ሊቀመንበሩ ነበር፣ ከዋና ከተማ የመጣ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው። ከአጠገቡ የክብር እንግዳ ብለው ቶያናትን አስቀምጠውታል። አርጅቷል፣ አንገቱ ላይ የቢጫ አበባ ጉንጉን አጥልቀውለታል። እናቴ ስታየው ተንፍሳ ተቀመጠች።

«እናቶቼ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ቁስልን መነካካት አያድንም። ኮሚቴያችን አንድ ሐሳብ አለው። ቀን እንቁረጥና ለጠፉት ሁሉ በአንድነት ሥርዓቱን እንፈጽም። ሐውልትም እናቆማለን። ከዚያ ሁላችንም ወደፊት እንራመድ።»

አጨበጨቡ፣ መድረኩ ላይ ያሉት። እናቴ ጉልበቷን ተመርኩዛ ተነሣች።

«አስክሬኑ የታለ?»

«እናቴ፣ ያንን ማጣራት ረጅም ሂደት...»

«አያስፈልግም ማጣራት። የሚያውቅ ሰው እዚሁ አለ። አጠገብዎ አበባ አጥልቆ ተቀምጧል።»

ቶያናት ሰዓቱን አየና ተነሣ። «ሌላ ቀጠሮ አለኝ» አለ። ከመድረኩ ወርዶ ወደ በሩ ሲሄድ ሴቶቹ ቀድመውት ደርሰው ነበር። አልነኩትም፣ አልሰደቡትም። የበሩ ደፍ ላይ፣ እዚያ ጫማቸው መሃል፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስንት ዓመት በር ላይ የተቀመጡ ሴቶች ናቸው፣ በር ላይ መቀመጥ ይችሉበታል።

«ዞር በሉ እንጂ» አለ።

ዞር ያለ የለም።

«ፖሊስ እንዳልጠራ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይጥሩልን» አለች አንዲት ሴት ከበሩ። «ፖሊስ ቢኖርማ ጥሩ ነው፣ በፖሊስ ፊት ይናገራል።»

ቶያናት ዙሪያውን አየ። መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ላብ አጠመቀው። «ውሃ» አለ። አስተናጋጁ ማንን መታዘዝ እንዳለበት ግራ ገብቶት እናቴን አያት።

«ስጠው» አለች እናቴ። «ጉሮሮው ሳይደርቅ ይናገር።»

ጠጣ። ውሃው አገጩ ላይ ፈሰሰ። ከፊቱ ያለው ማይክ ክፍት ነበር።

«እኔ ስም ብቻ ነው የሰጠሁት» አለ። ድምፁ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከሻይ ቤቶቹ በላይ ተሰማ። «ስም ብቻ። ሌላ ምን አደረግሁ?»

የኮሚቴው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ይህን ሰው «ባጄ» እና «እርስዎ» ስትለው ኖራለች።

«ቀጥል» አለችው። «አንተ፣ ቀጥል።»

ቀጠለ። «ወታደሮቹ ትራክተሬን ጠየቁኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር? ማታ ሹፌሬን አባረው እነሱ ነዱት። በማግስቱ ተጎታቹን ራሴ አጠብኩት።» ከዚያ የቀበሯቸውን ቦታ ተናገረ። ከወንዙ መታጠፊያ በላይ፣ ጫካው የሚጀምርበት፣ የድሮው የጡብ ምድጃ ጀርባ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ይህ ጥቆማ በባለሙያ ይጣራል፣ ለሚቀጥለው ስብሰባችን አጀንዳ ይዘን...» እያለ ነበር። የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም። ሴቶቹ በሩ ላይ አጎንብሰው፣ አንዷ ለሌላዋ እያቀበለች፣ ጫማቸውን ይፈልጉ ነበር።